ባለቤት የሌለው ገመድ

ደብረ ማርቆስ ላይ ለመብራትና ለኔትወርክ ሠራተኞች ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ነካ ነካ አድርጌዋለሁ።

እንደምን አደራችሁ። ከደጀን፣ ከቢቸና፣ ከፍኖተ ሰላም በሌሊት ተነስታችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ አይቻለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ብርዱ የማርቆስ ብርድ ነው፣ ምንም አላደርግላችሁም። ሻይ ከኋላ አለ። እየተነሳችሁ ቅዱ፤ አልቀየምም።

ዛሬ የማወራው ስለ ገመድ ነው። ስለሚሠራው ሳይሆን ስለማይሠራው። ሰርቨር ክፍል ውስጥ፣ የመሥሪያ ቤቱ ዋና ዋና ኮምፒውተሮች በሚቀመጡበት ክፍል፣ ከወለሉ ሥር ተጋድሞ ዓመት ስለሚቆጥረው፣ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ማንም ስለማያውቀው።

ከአንድ ወለል ልጀምር። የማን መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም። እዚሁ ጎጃም ውስጥ መሆኑ ይበቃል። አዲስ ስዊች፣ ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ የሚያገናኘውን መሣሪያ፣ ልንገጥም ተጠርተን ሄድን። ክፍሉ ላይ ላዩን ላየው ያምራል። ከሲሚንቶው ከፍ ብሎ የተነጠፈው ታይል ያብረቀርቃል። ራኩ፣ መሣሪያው የሚደረደርበት ቁም ሳጥን፣ ተቆልፏል። ኤሲው ይነፍሳል። በሩ ላይ «ጫማ አውልቁ» የሚል ወረቀት ሳይቀር ተለጥፏል። አንዷን ስድሳ በስድሳ ታይል በማንሻው ጎማ ይዤ ብድግ አደረግኳት።

የታችኛው ወለል አይታይም። ግራጫ ገመድ፣ ሰማያዊ ገመድ፣ ቢጫ ገመድ። አንዳንዱ ጫፉ ተቆርጦ የመዳቡ ጢም ወጥቷል። አንዳንዱ በስኮች ተጠቅልሏል፤ ስኮቹም ደርቆ ሊረግፍ ነው። የአንዱ ጫፍ ላይ አርጄ 45 የሚባለው የኔትወርክ መሰኪያ አለ፤ ሌላው ጫፉ የት እንደገባ እግዜር ይወቀው። ወለሉን ልንካ ብዬ እጄን ብሰድ እስከ ክርኔ ገባ፤ ሲሚንቶው ላይ ግን አልደረስኩም። ጣቴ ያገኘው የአይጥ ጎጆ ነው። የተበጣጠሰ ወረቀትና የታኘከ የገመድ ልባስ።

አጠገቤ የቆመውን የቤቱን የአይቲ ልጅ «ከዚህ ውስጥ የሚሠራው የትኛው ነው?» አልኩት።

ሳቀ። «ጋሼ፣ እኔ የተቀጠርኩት አምና ነው» አለኝ።

ልጁ አልዋሸም። ከእሱ በፊት የነበረውም ቢጠየቅ ይህንኑ ነበር የሚለው። አሠራራችንን ታውቁታላችሁ። አዲስ መሥመር ሲያስፈልግ አዲስ እንስባለን። አሮጌውን ከስዊቹ ነቅለን ወደ ታች እንገፋዋለን። ታይሉን እንመልሳለን። በቃ፣ ከዓይን ጠፋ። ለምን አናወጣውም? ለማውጣት የሚከፍለን የለማ! ውሉ ላይ የተጻፈው «መዘርጋት» ነው። ደግሞም እንፈራለን። ስንጎትት የሚሠራው አብሮ ቢመጣስ? ከሁሉም በላይ ግን የቤት አመላችን ነው፤ «ይቀመጥ፣ ለአንድ ቀን ይሆናል»። የእናቶቻችን ቆጥ በምን ተሞላ? አፉ በተሸረፈ ጀበና፣ ክዳኑ በጠፋ ድስት። ቆጡ ግን ቢያንስ ይታያል። ለፋሲካ ቤት ሲጸዳ አንዱ ወጥቶ ያራግፈዋል። የወለሉን ሥር ማን ያራግፈው?

አሜሪካኖች ለዚህ ነገር ደንብ አወጡለት። ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ኮድ የሚሉት መጽሐፍ አላቸው። ከ1897 ጀምሮ የነበረ ነው፣ አሁን በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በኋላ ስለ አቆጣጠር የምለው ስላለኝ ልብ በሉልኝ። መጽሐፉን የሚያዘጋጀው መንግሥት ሳይሆን የእሳት መከላከያ ማኅበራቸው ነው። ግዛቶችና ከተሞች ሲቀበሉት ነው ሕግ የሚሆነው። እንግዲህ በ2002 እትም ላይ አንድ አዲስ ነገር ገባ። እጅ የሚደርስበት የተተወ ገመድ ባለበት እንዲቀር አይፈቀድም ተባለ። የስልክና የኔትወርክ ገመድ፣ ፋይበር፣ የቴሌቪዥን ኮአክሲያል፣ የእሳት ማስጠንቀቂያ ገመድ፣ ሁሉም በየአንቀጹ ተጠራ።

ለምን ያን ጊዜ? ከዚያ በፊት የነበሩትን አሥር ዓመታት አስቡ። ካት 3 የሚባለው የኔትወርክ ገመድ ተዘረጋ። ብዙም ሳይቆይ ካት 5 መጣ። ከዚያ 5ኢ። በመጣ ቁጥር አዲሱ ከአሮጌው ላይ ይጋደማል። ጣራው ሞላ፣ ወለሉ ሞላ። የእሳት ሰዎች ሲያዩት የታያቸው ገመድ አይደለም። ማገዶ ነው።

ሰርቨር ክፍልን የሚመለከተው አንቀጽ 645 ነው። ብዙ ሰው ይህን አንቀጽ እንደ ቅጣት ያየዋል። እኔ ግን እንደ ውል ነው የማየው። አንቀጹ በግድ አይጫንባችሁም። ከፈለጋችሁ ትገቡበታላችሁ፣ ካልፈለጋችሁ ክፍሉን እንደማንኛውም ክፍል በመደበኛው ደንብ ትሠሩታላችሁ። ከገባችሁ የምታገኙት ነገር አለ። ከፍ ባለው ወለል ሥር ገመድ ስትዘረጉ ሌላ ቦታ የማይፈቀድላችሁ ይፈቀድላችኋል፤ ውዱን ገመድ ግዙ አትባሉም። በለውጡ ግን ትሰጣላችሁ። የመሣሪያውንም የኤሲውንም ኃይል በአንድ ቦታ የሚያቋርጥ ማጥፊያ ታደርጋላችሁ። የክፍሉ አየር ከሌላው ሕንፃ አየር እንዳይቀላቀል ታደርጋላችሁ። ግድግዳው እሳት የሚያቆይ ይሆናል። ሥራ የሌለው ሰው አይገባም። ወለሉ ሥር ጭስ የሚያሸት መሣሪያ ይኖራል፣ ጭስ ሲሸተውም አየሩ ይቆማል። የተተወ ገመድ አውጡ የሚለውም የዚሁ ውል አንድ ቁራጭ ነው። «ወለሉን ለቀቅ አድርጌልሃለሁ፣ አንተ ደግሞ ቆሻሻ አታከማችበት» እንደማለት ነው። ፍትሐዊ ይመስለኛል።

አሁን ዋናው ጥያቄ መጣ። የተተወ ገመድ ማለት ምን ማለት ነው? ስፔር፣ ለነገ ተብሎ የተቀመጠውስ?

ኮዱ ስፔር ገመድ አይከለክልም። ይህን ብዙዎች ይስቱታል። ነገ ራክ ሊመጣ ነው ብላችሁ ዛሬ ሁለት ሦስት መሥመር አስቀድማችሁ ብትዘረጉ ማንም አይቆጣችሁም። በአንቀጽ 645 የተተወ የሚባለው መሣሪያ ላይ ያላረፈ፣ ደግሞም «ለወደፊት» ተብሎ ምልክት ያልታሰረበት ገመድ ነው። ሁለቱም ነገር ሲጎድለው ነው። ያው ገመድ፣ ያው ፋብሪካ፣ ያው ርዝመት። አንዱ ስፔር ነው፣ አንዱ ቆሻሻ ነው። የሚለያቸው አንዲት ታግ ናት።

ይህን አሜሪካኖች የፈጠሩት እንዳይመስላችሁ። እኛ አገር ድግስ ሲደገስ ብርጭቆው፣ ሰሃኑ፣ ድስቱ ከጎረቤት ይሰበሰባል። ሴቶቻችን ብልሆች ናቸው። አንዷ ከብርጭቆዋ ሥር ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ ታደርጋለች። ሌላዋ የድስቷ ጆሮ ላይ አረንጓዴ ክር ትቋጥራለች። ድግሱ ሲያልቅ ሁሉም የየራሱን ይዞ ይሄዳል። ምልክት የሌላት ብርጭቆ ግን ትቀራለች። «የሰው ናት» እየተባለች መደርደሪያ ላይ ዓመት ትከርማለች። አትጠጣባት፣ አትጥላት። ወለል ሥር ያለው ገመድ ይህች ብርጭቆ ነው።

ታጉ ላይ ምን ይጻፍ? በ2002 ምልክት ይኑረው ነበር የተባለው። ሰው ደግሞ ሰው ነው፤ «ለወደፊት» የሚል ወረቀት ለጥፎ ይሄዳል። ወደፊት መቼ ነው? ወደፊት አያልቅም። ቆየት ብለው የመጡት እትሞች አንቀጽ 645 ላይ ይህን ቀዳዳ ደፈኑት። ታጉ ሦስት ነገር ይናገር አሉ፤ ምልክቱ የታሰረበት ቀን፣ ገመዱ ሥራ ላይ ይውላል ተብሎ የታሰበበት ቀን፣ ለምን እንደታሰበ። ታጉም ያለበትን ቦታ የሚችል ጠንካራ ይሁን አሉ።

እኔ ከሦስቱ የምወደው ሁለተኛውን ነው። «መቼ ትፈልገዋለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ደንብ ብልህ ደንብ ነው። ቀን ስትጽፍ ቃል ገባህ። ቀኑ ሲያልፍ ደግሞ የሚያፍር ሰው አለ። ቀን የሌለው ቃል ግን ምን ቃል ነው? «እንገናኛለን» ብሎ መለያየት ነው።

የታጉ ጥንካሬ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ወለል ሥር ቀንና ሌሊት ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ይነፍሳል። ስኮች በዚያ አየር አይበረክትም። ሙጫው ደርቆ ይላቀቃል። እስክሪብቶ ይደበዝዛል። ያን ቀን ከዚያ ክምር ሥር አንድ እፍኝ የሚሆን የረገፈ ስኮች ጠርጌ አውጥቻለሁ። ጽሑፍ ያለበትም ነበር። «ሂሳብ ክፍል» ይላል አንዱ። የትኛው ገመድ ላይ እንደነበረ ማን ይንገረኝ? ፕላስቲክ ታግ በማሰሪያ እሰሩ፣ በማይለቅ ማርከር ጻፉ። ዋጋው ከሻይ አይበልጥም።

እንደገና ደግሞ የእኛ የብቻችን ችግር አለ። ከዚያው ወለል ሥር አንድ በደንብ የታሰረ ታግ አገኘን። ደስ አለን። «2012» ይላል። የማን 2012? የእኛ ነው የፈረንጅ? በመካከሉ እኮ ሰባት ስምንት ዓመት አለ። የፈረንጁ ከሆነ ገመዱ ጡረታ ሊወጣ ነው፣ የእኛ ከሆነ ገና ጎረምሳ ነው። አሜሪካኖች ይህን አላሰቡትም፤ እነሱ አንድ መስከረም ነው ያላቸው። እኛ ግን ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብለን እንጻፍ። የወሩን ስም በፊደል ብንጽፈው ይበልጥ ጥሩ ነው። «ጥር» ካለ አይወላውልም።

ወደ እሳቱ ልሂድ፤ ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከእሱ ነው።

ከፍ ያለ ወለል ባዶ ቦታ አይደለም። የአየር መንገድ ነው። ኤሲው ቀዝቃዛውን አየር ወደ ታች ይገፋዋል። አየሩ ከወለሉ ሥር ሄዶ ቀዳዳ ባላቸው ታይሎች በራኮቹ ፊት ይወጣል። እንግዲህ እዚያ ሥር የሆነ ነገር ጨሰ እንበል። ጭሱን ወደ እያንዳንዱ ራክ የሚያደርሰው ማን ነው? ራሱ ኤሲው። እሳቱንም በነፋስ ያራግብለታል። ሰው ደግሞ አያይም፤ ላዩ ታይል ነው። አይታችሁ «ጭስ!» እስክትሉ ድረስ ሥሩ ተበልቷል።

ርካሹ ገመድ የሚለብሰው ፒቪሲ ነው። ፒቪሲ ውስጥ ክሎሪን አለ። ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ይሆናል። ዓይን ውስጥ እርጥበት አለ፣ ጉሮሮ ውስጥ እርጥበት አለ። ሰርቨሩ ቦርድ ላይም ጥቂት አይጠፋም። ስለዚህ እሳቱ ያልነካው መሣሪያ እንኳ ከሳምንት በኋላ ሲዝግ ይገኛል። ሽታውን የማታውቁ ካላችሁ፣ ልጆች መዳብ ለማውጣት ገመድ የሚያነዱበት አጠገብ አንድ ቀን ለመቆም ሞክሩ። እኔ ቆሜያለሁ። ጉሮሮን እንደ በርበሬ ይይዛል፤ የበርበሬው ግን ቶሎ ይለቃል።

በ1975፣ በፈረንጅ፣ በአንድ ወር ልዩነት ሁለት ትልልቅ የገመድ እሳቶች ተነሱ። ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የስልክ ማዕከል ምድር ቤቱ ካለው የገመድ ክፍል ተያያዘ። ወደ 170 ሺህ የሚጠጋ ስልክ ዝም አለ፤ ለመመለስ ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጀ። ማርች ላይ ደግሞ አላባማ ውስጥ ብራውንስ ፌሪ የሚባል የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ነው። ይህኛው ይገርማል። ገመዶች ግድግዳ የሚያልፉበት ቀዳዳ አየር ያስገባ እንደሆነ ሊያዩ ሠራተኞቹ ሻማ አበሩ። አዎ፣ ሻማ። የሻማው ነበልባል ወደ ቀዳዳው ተሳበና መድፈኛውን አረፋ አቀጣጠለው። ከ1,600 ገመድ በላይ ተጎዳ። እውነቱን ለመናገር፣ በሁለቱም ቦታ የነደደው በሥራ ላይ ያለ ገመድ ነው። ነገር ግን የገመድ ልባስ ምን ያህል እንደሚነድና ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ እንዴት እንደሚሄድ ዓለም ያየው ያኔ ነው። የሚሠራው እንዲህ ከነደደ፣ ለምንም የማይሠራውን ለምን እንጨምርበታለን?

እሳት ባይነሳም ክምሩ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አየሩን ይዘጋዋል። አንዱ ራክ ይበርደዋል፣ ሌላው ይተኩሳል። ያኔ ሰው ምን ያደርጋል? ኤሲውን 16 ላይ ያደርጋል። የመብራት ሂሳቡ ይወጣል፣ ራኩ ግን አሁንም ይተኩሳል።

ኮዱ ምሕረትም አለው። «እጅ የሚደርስበት» የምትለው ቃል ትልቅ ቃል ናት። ግንብ ውስጥ የተቀበረውን፣ ሕንፃውን ካላፈረሳችሁ የማታገኙትን አውጡ አይልም። ታይል አንስታችሁ የምታገኙትን ነው። ወለሉ ሥር ሆኖ ኮንዲዩት፣ የገመድ ቧንቧ፣ ውስጥ ያለም ይተዋል፤ ዝግ ነው፣ እሳትን እንደ ልቅ ገመድ አይመግብም።

ተንኮልም አለ። ለተራ የስልክና የኔትወርክ ገመድ በተጻፈው ትርጉም፣ ሁለቱም ጫፍ ኮኔክተር ላይ ካረፈ የተተወ አይባልም። ታዲያ አንዳንዱ ብልጥ መሰኪያ የሚመታበትን ክሪምፐር አውጥቶ በሁለቱም ጫፍ አርጄ 45 ይመታል። «ይኸው፣ አልተተወም!» በወረቀት አሸነፈ። እሳቱ ግን ወረቀት አያነብም። እንዲህ ያለውን ሰው እኔ ሠራተኛ ብዬ አልቀጥርም፤ ጠበቃ ቢሆን ይሻለዋል።

ስለ ገመድ ዓይነት ቶሎ ልለፍ። ልባሱ ላይ የታተመውን አንብቡ። አሜሪካኖቹ ሲኤምፒ የሚሉት አየር በሚያልፍበት ቦታ የሚዘረጋውን ነው። 7.6 ሜትር በሚሆን ዋሻ ውስጥ በነፋስ ለ20 ደቂቃ ያነዱታል፤ ነበልባሉ ከ1.5 ሜትር በላይ መሄድ የለበትም፣ ጭሱም ይለካል። ሲኤምአር ከፎቅ ወደ ፎቅ ለሚወጣው ነው። ሲኤም ተራው ነው። የአውሮፓ ዕቃ ላይ ደግሞ ኤልኤስዜድኤች የሚል ታያላችሁ። ጭሱ ጥቂት ነው፣ ክሎሪንም የለውም። ጥሩ ነገር ነው። ግን ሲኤምፒ ማለት አይደለም፤ የተፈተነው በሌላ ፈተና ነው። አንድ ናቸው የሚላችሁን ነጋዴ አትመኑ።

«ይህ ኮድ እኛን ይገዛናል ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አይገዛንም። እኛ የራሳችን የሕንፃ ስታንዳርድ አለን፤ የኤሌክትሪክ ዝርጋታው በ1995 እ.ኤ.አ. ኢቢሲኤስ 10 ተብሎ ወጥቶ ነበር። መብራታችንም 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ የእነሱ ሌላ ነው። ስለዚህ የአሜሪካውን መጽሐፍ ከፍታችሁ ሽቦ አትምረጡበት። ገመዱ ስም ይኑረው፣ ቀን ይኑረው ወይም ይውጣ የሚለው ሐሳብ ግን ቮልት አይጠይቅም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ካልነገርኳችሁ ነገ ገመድ ቆራጭ ሁሉ ትሆናላችሁ።

ያንን ወለል ማጽዳት ስንጀምር ደፋር ነበርኩ። አንድ ቀጭን ግራጫ ገመድ አገኘሁ። የኔትወርክ አይመስልም። ታግ የለውም። አንዱ ጫፉ ከግድግዳው ቀዳዳ ይወጣል። መለኪያዬን አውጥቼ ለካሁ፤ ዜሮ። «ሙት ነው» አልኩና ቆረጥኩት። ቤቴ ገባሁ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳይቆይ ጥበቃው ደወሉ። «ኧረ ጋሼ፣ ሞተሩ አልነሳም! እዚህ ውስጥ ደግሞ የሆነ ነገር ይጮሃል» አሉኝ። የሚጮኸው ዩፒኤሱ ነው፤ መብራት ሲሄድ መሣሪያውን በባትሪ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው። ባጃጅ ይዤ በረርኩ። ጄነሬተሩን በእጅ አስነሳሁት። ዩፒኤሱ አራት ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

የቆረጥኩት መብራት ሲሄድ ጄነሬተሩን የሚቀሰቅሰውን ገመድ ነበር። ከጄነሬተሩ ባትሪ የሚመጣ ዲሲ፣ የባትሪ ዓይነት ኤሌክትሪክ፣ ነበረበት። እኔ ደግሞ መለኪያዬን የግድግዳው መብራት በሚለካበት ኤሲ ላይ አድርጌ ለካሁ። የሃያ ዓመት የመብራት ሠራተኛ! ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚሠራ ገመድ ሙት ይመስላል። የእሳት ማስጠንቀቂያውም እንዲሁ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ዝም ብሎ አንድ ቀን ነው የሚናገረው። ታግ ቢኖረው ኖሮ እኔም አልዋረድም፣ ጥበቃውም በጨለማ አይሯሯጡም ነበር።

ከዚያ በኋላ አሠራሬን ቀየርኩ። መጀመሪያ ሁለቱን ጫፍ አገኛለሁ። ቶነር፣ ገመዱን በድምፅ የሚያሳድድ መሣሪያ፣ ይዤ እከተላለሁ። አንዱን ጫፍ ብቻ አግኝቼ አልቆርጥም። ስዊች ላይ ከሆነ መብራቱ ይበራ እንደሆነ አያለሁ። ከዚያ ነቅዬ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን አይበቃም። ወር መጨረሻ ማለፍ አለበት፤ ደመወዝ ሲሠራ ብቻ የሚነሳ ኮምፒውተር አለና። ማንም ካልጮኸ እቆርጣለሁ። ስቆርጥም እየቆራረጥኩ ነው። ከአንድ ጫፍ ጎትቼ ሃያ ሜትር ለማውጣት አልታገልም፤ የሚሠራውን ልባስ እየላጠ ነው የሚወጣው። የተቆረጠው ሲወጣ ግድግዳው ላይ ቀዳዳ ይቀራል። ያንን እሳት በሚችል መድፈኛ እደፍናለሁ። የብራውንስ ፌሪን ሻማ አስታውሱ። ደግሞ በጨርቅ የሚደፍን አይቻለሁ! ጨርቅ እኮ ክብሪት ነው።

እዚህ ላይ አንድ አባት ከኋላ እጃቸውን አወጡ። ጥያቄያቸውን እዚሁ ብጽፈው ይሻላል። «ልጄ፣ ነቅላችሁ አውጡ ትላለህ። የአንድ ካርቶን ኬብል ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃለህ። ደህናውን ገመድ ለቆራሌው ልስጥ?» አሉኝ።

እንዲህ አልኳቸው። ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት እውነት ነው። አንድ ካርቶን 305 ሜትር ነው፣ ዋጋውም ያስለቅሳል። ደህናውን አይጣሉ። ቴስተር ላይ ያድርጉት። ካለፈ፣ የሚፈልጉበትን ቀን ጽፈው ታግ ይሰሩለት። ነገር ግን መጀመሪያ ምን ገመድ እንደሆነ ይዩ። ካት 5ኢ ከሆነ በ100 ሜትር አንድ ጊጋ (በሰከንድ አንድ ጊጋቢት) ያሳልፋል። ካት 6 አሥር ጊጋ የሚያሳልፈው ቢበዛ እስከ 55 ሜትር ነው። ካት 6ኤ ነው መቶውን የሚጨርሰው። ነገ አሥር ጊጋ ሊያስገቡ አስበው ዛሬ 5ኢ ለነገ ብለው ቢያስቀምጡ፣ ሞተው እንኳ አይጠቀሙበትም። ካት 5፣ አሮጌው የስልክ ገመድ፣ አይጥ የላጠው፣ ይሄ ይውጣ። ለቆራሌውም ይስጡት፤ እንዳያነደው ግን ይንገሩት።

እሳቸውም ፈገግ አሉ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው የምትለኝ። የመቶ ብር ገመድ አድናለሁ ብዬ የሚሊዮን ብር ሰርቨር አስነድጄ» አሉ። ቤቱ ሳቀ። ከእኔ የተሻለ አስረዱት።

አንዲት ልጅ ደግሞ ማን ይክፈል ብላ ጠየቀች። ከኢንጅባራ የመጣች ናት፣ ኮንትራት የምትሠራ። አሜሪካኖችም የተጣሉበት ነገር ነው አልኳት። ተከራዩ ገመዱን ትቶ ይወጣል፣ አከራዩ ያወጣል ወይስ አዲሱ ተከራይ? በኪራይ ውል ላይ መጻፍ የጀመሩት ለዚህ ነው። እታለም፣ አንቺም ዋጋ ስትሰጪ ሁለት መስመር ጻፊ። አንዱ «አዲስ ዝርጋታ»፣ አንዱ «አሮጌ ማውጣት»። ደንበኛው ሁለተኛውን ሊሰርዘው ይችላል። ይሰርዘው። ግን በራሱ እጅ ይሰርዘው፤ ፊርማውም እዚያው ይሁን።

የዚያ ወለል ነገር ምን ሆነ? ሁለት ወር ፈጀብን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሠራን። የወጣው ገመድ በሰባት ጆንያ ነው የሞላው። ሲሚንቶውን አየነው፤ ለካ ቀለም ተቀብቶ ነበር። በመጨረሻ ወለሉ ሥር የቀረ ስፔር አንድ ብቻ ነው። ካሜራ ሊገጠም ታስቦ የተዘረጋ ነው። የአይቲው ልጅ ቢጫ ፕላስቲክ ታግ ቆርጦ በራሱ እጅ ጻፈበት። የዕለቱን ቀን፣ «ለበር ካሜራ»፣ «እስከ ሰኔ 30»፣ ዓመተ ምሕረቱን ጨምሮ።

ሐምሌ 1 ቀን ጠዋት ስልኬ ጠራ። ልጁ ነው።

«ጋሼ፣ ካሜራው አልመጣም» አለኝ።

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት።

«አውጥቼዋለሁ» አለ። «ጠቅልዬ ስቶር አስገብቼዋለሁ፣ 34 ሜትር ነው። ታጉን ምን ላድርገው?»